አቧራው ከላይ ይታያል፣ ጭሱስ?

የክርክሩ ጥያቄ፦ በኢትዮጵያ አየር ውስጥ ያለው ብናኝ በዓመታት ውስጥ እንዴት እንደተለዋወጠ ለማወቅ የሳተላይት መዝገብ ይበቃናል ወይስ መሬት ላይ የሚተከል የአየር መለኪያም ያስፈልገናል? ተከራካሪዎቹ ሁለት የአዳማ ነዋሪዎች ናቸው፤ አንድ የጂኦግራፊ መምህርና አንዲት ነርስ።

መምህሩ፦ ይበቃናል ባይ ነኝ። ቴራ የተባለው ሳተላይት እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ አገሪቱን ከአፋር እስከ ጋምቤላ ሲያይ ኖሯል። መሬት ላይ የተለካ ይህን ያህል ረጅም የብናኝ መዝገብ የለንም። ከሰሃራ፣ ከአረብ ምድር፣ ከራሳችን ከአፋር ቆላ የሚነሳው አቧራ በነፋስ ስንት መቶ ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ዝናብ ሲጠፋ ደግሞ ይብሳል። ነፋሱን የትኛውም መለኪያ አያስቆመውም። ገንዘቡ መለኪያ ከሚገዛበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ይገዛበት። ከአስር ቤት ዘጠኙ አሁንም የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰል ወይም በኩበት ነው።

ነርሷ፦ መምህር፣ በምጣዱ እስማማለሁ። ግን ሳተላይቱ ያንን ጭስ መቼ አየው? ቴራ አብዛኛውን ዘመኑን በላያችን የሚያልፈው ረፋድ 4:30 ገደማ ነበር። አኳ የሚባለው ሌላው ሳተላይት ደግሞ ከቀኑ 7:30 ገደማ። ሰፈር ውስጥ ግን ከሰል የሚቀጣጠለው ሲነጋና ሲመሽ ነው። ደመና ካለማ ጭራሽ አያይም፤ ክረምቱ ብዙውን ያመልጠዋል። የሚለካውም ከመሬት እስከ ላይ ያለው አየር ምን ያህል ብርሃን እንደጋረደ ነው እንጂ እኛ የምንተነፍሰውን አይደለም።

ሳል የያዘው ሕፃን ይመጣል። ሲተነፍስ ደረቱ ይሰረጉዳል። የእናትየው ነጠላ ጭስ ጭስ ይላል። «የት ነው የምታበስዪው?» ስላት «እዚያው የምንተኛበት» ትለኛለች። በጭሱ ውስጥ ከ2.5 ማይክሮሜትር ያነሰ ብናኝ ሞልቷል፤ ሳንባ ጥግ ድረስ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ ብናኝ ያስቀመጠውን የዓመት አማካይ ገደብ እ.ኤ.አ. በ2021 ከ10 ወደ 5 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ ያወረደው ያለምክንያት አይደለም።

መምህሩ፦ ሲስተር፣ ይህማ የእኔን ሐሳብ ነው የሚያጠናክረው። ጉዳቱ ከታወቀ መለካቱ ለምን? መሣሪያው ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? መብራት ሲጠፋስ? ሁለት ዓመት ሠርቶ የቆመ መለኪያ የረጅም ጊዜ ለውጥ አያሳይም።

ነርሷ፦ መቆምን ካነሱማ፣ የአሜሪካ ኤምባሲ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ ይለካ ነበር። በ2025 አሜሪካ የኤምባሲዎቿን የአየር መረጃ ማጋራት አቆመች። የሰው መለኪያ ላይ ሲተማመኑ እንዲህ ነው። መንግሥት በ2024 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክሏል። ከአስር ዓመት በኋላ «አየሩ ተሻለ ወይ?» ስንባል ምን ልንል ነው? አዳማ ላይ የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ጥቁር ጭሱን እየለቀቀ ያልፋል። ከሰሉም አለ፣ አቧራውም አለ። ማን ስንቱን እንዳመጣ ከላይ በደንብ አይለይም። መሬት ላይ ያለ መሣሪያ አየሩን ሲስብ ማጣሪያው ላይ የቀረው ብናኝ ግን ላቦራቶሪ ሲገባ ይለያል፤ አፈሩ በሲሊኮኑ፣ የእንጨት ጭሱ በፖታሲየሙ ይታወቃል።

መምህሩ፦ ይህኛው ከባድ ነጥብ ነው፣ አልክድም። እሺ፣ አንድ መለኪያ ብቻ ቢመጣ የት ይተከል?

ነርሷ፦ ሰው በሚኖርበት ሰፈር፣ ሰው በሚተነፍስበት ከፍታ።

መምህሩ፦ እኔ ከከተማው ውጭ፣ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል እላለሁ። ከውጭ የመጣውን ካላወቅን የራሳችንን ከምን እንለየዋለን?

ነርሷ፦ እንግዲያው ሁለት ያስፈልጉናል። የመጀመሪያው ግን ሰፈር ውስጥ ይሁን።