እውቀቱን ወደውት፣ ባለቤቱን ሲረሱት

አገር በቀል እውቀትን ማወደስ ፋሽን ሆኗል። የእውቀቱ ባለቤቶች "መሬታችንስ?" ሲሉ ግን አዳራሹ ጭር ይላል።

የደቡባዊ አፍሪካን የሳን ሕዝብ እንይ። ሳኖች ለአደን ርቀው ሲሄዱ ሁዲያ የሚባል ቁልቋል መሰል ተክል ይቆርጡና እሾሁን አራግፈው ያኝካሉ። ረሃብም ጥምም ያስታግስላቸዋል። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ አጋማሽ አንድ የደቡብ አፍሪካ መንግሥት የምርምር ተቋም በዚሁ ላይ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ጠየቀ። በፓተንቱ የመጠቀም ፈቃዱ ፋይቶፋርም ለተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ፣ ከዚያም ለፋይዘር ተላለፈ። ውፍረት መቀነሻ ሊሠራበት! ሳኖችን ያማከረ የለም። ይባስ ብሎ ከፋይቶፋርም በኩል "እነሱማ ጠፍተዋል" መባሉ በወቅቱ ተዘግቧል።

"የጠፉት" ሰዎች ጠበቃ ይዘው ከች አሉ። በ2003 የምርምር ተቋሙ ከፓተንቱ ከሚያገኘው ክፍያ (ሮያሊቲ) 6 በመቶ ሊያገኙ ተፈራረሙ። ምን ዋጋ አለው፣ ፋይዘር በዚያው ዓመት ነገሩን ተወው፤ ኋላ የገባበት ዩኒሊቨርም በ2008 ወጣ።

እኔን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። በዚያው ሰሞን ከድንበር ማዶ፣ ቦትስዋና ውስጥ፣ ሌሎች ሳኖች ከማዕከላዊ ካላሃሪ የዱር እንስሳት ክልል እየተባረሩ ነበር። በ2002 ሞቶሜሎ ላይ የነበረው የውሃ ጉድጓዳቸው ተዘጋ። በ2006 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ማፈናቀሉን ሕገወጥ አለው፤ የውሃው መቋረጥ ላይ ግን አልፈረደላቸውም። ጉድጓዱን ለመጠቀም እስከ 2011 ድረስ በሌላ ክስና ይግባኝ መንከራተት ነበረባቸው።

የትኛው ሥር በየትኛው ወር፣ የትኛው አሸዋ ውስጥ እንደሚገኝ ልጅ የሚማረው አብሮ እየሄደ ነው። መሬቱን የተነጠቀ አባት ልጁን የት ወስዶ ያሳየው?

በግንቦት 2024 ጄኔቫ ላይ የዓለም የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት አባል አገሮች አንድ ስምምነት አጽድቀዋል። የፓተንት አመልካች፣ ፈጠራው በነባር ሕዝቦች እውቀት ላይ ከተመሠረተ የየትኛው ሕዝብ እንደሆነ ይናገር ይላል። ከሃያ ዓመት በላይ ተጨቃጭቀውበታል፤ ይሁን፣ ጥሩ ነው። ግን ስም መጥቀስና ማስፈቀድ ለየቅል ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት የ2007 የነባር ሕዝቦች መብቶች መግለጫ በአንቀጽ 31 እውቀታቸውን የመቆጣጠር መብት ሰጥቷቸዋል፤ በአንቀጽ 10 ደግሞ ያለ ፈቃዳቸው ከመሬታቸው እንዳይነሱ ይላል። ብዙው ተሟጋች አንዱን ይዞ ይሮጣል።

"እውቀቱን ከማን አገኘኸው?" የሚለው ጥያቄ ፎርሙ ላይ ሊገባ ነው። "ያ ሕዝብስ ዛሬ የት ነው የሚኖረው?" የሚለውም ከሥሩ ይጨመርልን።