ስንቱ ቀረ ከማለት በፊት

በ1990ዎቹ (ዓመተ ምህረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ ቤተሰብ ልጆቹን ጭኖ የሚሄድበት ኤስዩቪ (ከፍ ያለ የቤተሰብ መኪና) የትኛው ነው ቢባል፣ ቀድሞ የሚጠራው ፎርድ ኤክስፕሎረር ነበር። በ1990 ለገበያ ቀረበ፤ በ2000 በአንድ ዓመት ብቻ ከ400,000 በላይ ተሸጠ። ዛሬ ግን የዚያን ዘመን ኤክስፕሎረር ያየ ሰው ዞር ብሎ ይቃኘዋል። ታዲያ ስንቱ ቀረ?

ብዙ ሰው መልሱን ከሰሌዳ መዝገብ ቆጥሮ ማግኘት ይፈልጋል። በስም ብቻ መቁጠር ግን ያሳስታል። እስከ 2010 ሞዴል ድረስ ቦዲው ለብቻው በቆመ ሻንሲ (የመኪናው የብረት አጽም) ላይ የተጫነ መኪና ነበር፤ ከ2011 ሞዴል ወዲህ ያለው ቦዲና ሻንሲው አንድ ላይ የተሠራ ነው። ስሙን ወረሰ እንጂ ሌላ መኪና ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የጎደሉት በምን እንደጎደሉ ነው። መኪና የሚሞተው የጥገናው ሒሳብ ከራሱ ዋጋ ሲበልጥ ነው። ከ1997 ሞዴል ጀምሮ የመጣውን አዲሱን ባለ 4 ሊትር ሞተር ብንወስድ፣ የሞተሩን የውስጥ ክፍሎች እንቅስቃሴ የሚያስተባብረውን የታይሚንግ ሰንሰለት የሚመሩት የፕላስቲክ መያዣዎች እያረጁ ይሰበራሉ። አንዱ ሰንሰለት ደግሞ ከሞተሩ ጀርባ ነው ያለው፤ እሱን ለመቀየር ሞተር ወይም ካምቢዮ ማውረድ ግድ ይላል። ለጥቂት ዶላር ፕላስቲክ ሞተር ማውረድ! አሮጌ መኪና ላይ ይህን ወጪ የሚያወጣ ባለቤት ብዙ አይደለም። ይህ እንግዲህ በወጉ የመጣ ሞት ነው።

በ2009 ክረምት የሆነው ግን ከዚህ ይለያል። የአሜሪካ መንግሥት ነዳጅ በላተኛ መኪናውን ለመኪና ሻጭ አስረክቦ አዲስ ለሚገዛ 3,500 ወይም 4,500 ዶላር ይደጉም ጀመር። በጥቂት ሳምንታት ወደ 680,000 የሚጠጉ መኪኖች ተሰጡ፤ ከሁሉም በብዛት የመጣው በአራቱም ጎማ የሚነዳው ኤክስፕሎረር ነበር። ከዚያም ዳግም ወደ መንገድ እንዳይመለሱ የሞተር ዘይታቸው ተደፍቶ በምትኩ ሶዲየም ሲሊኬት የሚባል ፈሳሽ እየተሞላ፣ ሞተሩ ደርቆ እስኪያዝ ድረስ እንዲሽከረከር ተደረገ።

የደንቡ ነገር ነው የሚያስገርመው። ድጎማውን ለማግኘት መኪናው የሚነዳ፣ ሰሌዳ ያለውና አንድ ዓመት ሙሉ ኢንሹራንስ ያልተቋረጠበት መሆን ነበረበት። ሞቶ ግቢ ውስጥ የቆመው፣ ሣር የበቀለበት፣ አይቀበሉትም። ስለዚህ የተገደሉት ጤነኞቹ ነበሩ፤ በመዝገቡ ላይ ግን ሰንሰለቱ ተበጥሶ ከተጣለው ጋር አብረው «የሌሉ» ተብለው ይቆጠራሉ።

ነዳጅ መቆጠቡን አልቃወምም። መኪናው በአንድ ጋሎን 18 ማይል እንኳ ካልሄደ ባለቤቱም ይማረራል። ግን የኤክስፕሎረር ቁጥር መመናመን ሲነሳ «መኪናው ደካማ ስለነበረ ነው» የሚለኝን ሰው አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ፦ ያን ጊዜ ወደ ሻጩ ግቢ የገቡት ተጎትተው ነው ወይስ ተነድተው?