ውዳሴ ኅብረተሰብ

በዚህች አገር ሐውልት ያልቆመለት ባለውለታ ቢኖር ኅብረተሰቡ ነው። ምኒልክ ፈረሳቸው ላይ ሆነው ፒያሳን ይቃኛሉ፤ አቡነ ጴጥሮስም ከዚያው አቅራቢያ ቆመዋል። የሁላችንንም ጥፋት በጫንቃው ተሸክሞ አንድ ቀን እንኳ «ደከመኝ» ያላለው ኅብረተሰቡ ግን እስከ ዛሬ አንዲት ጠጠር አልተተከለችለትም። ይህ የእኛ ጥፋት እንዳይመስላችሁ። ኅብረተሰቡ ለባለውለታ ዋጋ የመስጠት ባህል ስለሌለው ነው።

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ሲሉ ስለ መረዳዳት የተናገሩ ይመስለን ነበር። የዘመናችን ሰው ግን ምሥጢሩን ጠልቆ ገባው። ጥፋትም እንደ ሎሚው ነው። አንድ ሰው የቆሻሻ ፌስታሉን ከመስኮት ወርውሮ ጥፋቱን ብቻውን ቢሸከም አንገቱን ይደፋል። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ለሆነ ሕዝብ ቢያከፋፍለው ግን ለእያንዳንዱ የምትደርሰው የሽንኩርት ልጣጭ በዓይን እንኳ አትታይም። እንዲህ ያለ ፍትሐዊ ክፍፍል በቀበሌ ስኳርና ዘይት ታይቶ አያውቅም።

የውዳሴው ከፍተኛ ሥርዓት የሚፈጸመው በሆቴል አዳራሽ ነው። ከመድረኩ በላይ ባነር ይሰቀላል፤ ባለድርሻ አካላት ይሰበሰባሉ፤ የአበል መፈረሚያው ወረቀት በጸጥታ ይዞራል። ጥናት አቅራቢው «ዋናው ችግር በኅብረተሰቡ ዘንድ የሚታየው የግንዛቤ ክፍተት ነው» ይላል። ቀጣዩ ተናጋሪ ይህንኑ ያጠናክራል። ሦስተኛው «ቀደም ሲል እንደተገለጸው» ብሎ ያንኑ ይደግመዋል። በአዳራሹ ውስጥ ሁለት መቶ ሰው ተቀምጧል፤ ኅብረተሰቡ ግን የለም። ማን ጠርቶት? ኅብረተሰብ ማለት አበል የማይከፈለው ነው።

ከምሳ በኋላ ተሰብሳቢዎቹ ግማሽ የተጠጣ የላስቲክ ውኃቸውን ጠረጴዛ ላይ ትተው ይወጣሉ። መኪናቸው የእግረኛ መንገድ ላይ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። መንገደኛው መተላለፊያ አጥቶ አስፋልት ላይ ከታክሲ ጋር ሲጋፋ አንደኛው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ለጓደኛው «አየህ? ያልኩህ ይህንን ነው፤ ኅብረተሰቡ የእግረኛ መንገድ አይጠቀምም» ይለዋል። እንዲህ ጥናቱን በተግባር የሚያረጋግጥ ሰው በየትኛውም አገር አይገኝም።

ትሑት መምሰል የሚወዱት ደግሞ «እኛ ሐበሾች እኮ...» ብለው ይጀምራሉ። ሰዓት አናከብርም፣ ወረፋ አንጠብቅም፣ ሐሜት እንወዳለን። በዚህ «እኛ» ውስጥ ተናጋሪው እንዳለበት የሚገምት ካለ ገና ልጅ ነው። ሁለት ሰዓት አርፍዶ የመጣ ሰው ስለ ሐበሻ ቀጠሮ ሲያማ ሰምቼ፣ ሐዘኑ ከልቡ ስለነበር እኔ ራሴ አጽናንቼዋለሁ።

የዚህ ጥበብ ምርጥ ማሳያ ግን ኮንዶሚኒየም ነው። በጋራ ሕንጻ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ከበሩ ወደ ውስጥ ያለው የባለቤቱ የግል ነው፤ ደረጃው፣ ጣራውና ግቢው የሁሉም የጋራ። ሕጉን የጻፉት ሰዎች የጋራ የሆነውን ሁሉም እንደ ራሱ ያየዋል ብለው አስበው ይሆናል። እኛ ዘንድ በር የሚገጠመው ሌባ ለመከላከል ብቻ አይደለም፤ ኃላፊነት የሚያልቅበት ድንበር በዓይን እንዲታይ ጭምር ነው። ሳሎኑ በቀን ሁለት ጊዜ ይወለወላል፤ የተጠራቀመው ጥራጊ በመጥረጊያ ጫፍ ደፉን ይሻገርና ኅብረተሰቡን ይቀላቀላል።

የአንድ ሕንጻ ደረጃ አምፖል ተቃጥሎ ሁለት ፋሲካ አለፈ። ነዋሪው በስልኩ መብራት ይወጣል፣ በስልኩ መብራት ይወርዳል። አንዱ ስልክ ተሽጦ ለሠፈሩ ሁሉ አምፖል ይገዛል፤ ግን ይህ የምቀኛ ሒሳብ ነው። በመጨረሻ ስብሰባ ተጠራ፤ በዓል ሲሆን በግ በሚታረድበት የጋራ ቤት ነዋሪው ተሰበሰበ። አንድ የተማሩ ጎረቤት ተነሡ። «ችግሩን ወደ አምፖል ማውረድ የለብንም» አሉ። «ጉዳዩ የአመለካከት ነው። በኅብረተሰባችን ውስጥ የጋራ ንብረትን የመንከባከብ ባህል አልዳበረም። ሥር ነቀል ለውጥ ያስፈልጋል።» ተጨበጨበ። ከመጀመሪያው ፎቅ የመጡ አንዲት እናት እጃቸውን አውጥተው «ታዲያ ልጆቼ፣ አምፖሉን ማን ይግዛው?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ከውይይቱ ደረጃ ዝቅ ያለ ስለነበር በቃለ ጉባኤው አልተያዘም። ተሰብሳቢው በስልኩ መብራት ወደየቤቱ ወጣ።

የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ማርጋሬት ታቸር በ1987 እ.ኤ.አ. ለአንድ የሴቶች መጽሔት በሰጡት ቃለ ምልልስ ኅብረተሰብ የሚባል ነገር የለም፣ ያሉት ግለሰቦችና ቤተሰቦች ናቸው ብለው ነበር። ተቺዎቻቸው እስከ ዛሬ ያነሡባቸዋል። ሴትዮዋ ያንን ደረጃ በጨለማ ወጥተው ቢሆን ኖሮ ቃላቸውን ያጥፉ ነበር። ኅብረተሰብ ከሌለ አምፖሉን ማን አቃጠለው? እኛ አገር ደግሞ በታኅሣሥ 1967 ደርግ ኅብረተሰባዊነትን አወጀ፤ በዓመቱ መጨረሻ ትርፍ ቤቱ ሳይቀር የሰፊው ሕዝብ ሆነ። ታቸር ኅብረተሰቡን ሠረዙት፣ ደርግ ግለሰቡን ሠረዘው። እኛ ሁለቱን አስታርቀን ትርፉን ለግለሰቡ፣ ጥፋቱን ለኅብረተሰቡ ሰጠን። ይህን ያህል የፍልስፍና ሥራ ሠርተን ማንም ለሽልማት አላጨንም።

በዚህ ረገድ የጥንቶቹ ሰዎች ኋላ ቀር ነበሩ። አፈርሳታ የሚሉት ነገር ነበራቸው፤ አውጫጭኝም ይባላል። ከብት ተሰርቆ፣ ቤት ተቃጥሎ ወይም ሰው ተገድሎ አድራጊው ካልታወቀ የአካባቢው ሰው ሁሉ ይጠራል። የቀረ ይቀጣል። የመጣው ደግሞ ያየውንና የሰማውን እስኪናገር፣ የጥፋተኛው ስም እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤቱ አይመለስም። ስም ካልወጣ ካሣውን አገሬው በሙሉ ያዋጣል። ግፍ ነበረበት፤ ምንም የማያውቀው ገበሬ እርሻውን ፈትቶ ከሌባው ጎን ፀሐይ ላይ ይውላል፤ የቂም ጥቆማም አይጠፋም። የሚገርመኝ ግን አሠራሩ ነው። ያን ሁሉ ሰው የሚሰበስቡት አንድ ስም ለማግኘት ነበር! እኛ ሥልጡኖቹ ደግሞ አንድን ስም ለማጥፋት ሕዝብ እንሰበስባለን። የበጀት ጉድለት ሲገኝ ጉባኤ ይጠራል፤ ጠዋት ላይ በአንድ ሰው ፊርማ የወጣው ገንዘብ ከሰዓት በኋላ «የአሠራር ክፍተት» ይሆናል፤ ማምሻውን «እንደ ኅብረተሰብ ራሳችንን መፈተሽ አለብን» ተብሎ ይዘጋል። ፈራሚውም ራሱን ለመፈተሽ ቃል ከገቡት አንዱ ነው። ከፊት ወንበር ተቀምጦ።

ኅብረተሰቡ ጥፋት ተቀባይ ብቻ አይደለም፤ አዛዥም ነው። አንድ ሰው ልጁን ሲድር ከባንክ ይበደራል፣ ሰንጋ ይጥላል፣ ሊሞዚን ይከራያል፣ ለማያውቀው እንግዳ ጥሬ ሥጋ ያስቆርጣል። ለምን? «ኅብረተሰቡ ምን ይለኛል!» ኅብረተሰቡ በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ወጡ ጨው በዝቶበታል ብሎ ይሄዳል። ባንኩ ግን ባህላችንን ስለማያውቅ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤውን የሚጽፈው ለግለሰቡ ነው።

እንግዲህ የዚህ ሁሉ ዕድገት አንድ እንቅፋት ቀርቷል፤ ዕድር። ዕድር ኅብረተሰብ መሆኑን ማንም አይክድም፤ ከዕድር በላይ ኅብረተሰብ ከወዴት ይመጣል? ሆኖም ኅብረተሰብነቱን በወጉ አልተማረም። የግንዛቤ ማስጨበጫ የለውም፤ መዝገብ ነው ያለው። በመዝገቡ ላይ የሰፈረው ደግሞ «ኅብረተሰቡ» ሳይሆን የእያንዳንዱ አባል ስም ነው። ወርኃዊ መዋጮ ያልከፈለ ይታወቃል። ቀብር የቀረ ይቀጣል። ድንኳን ተካዩ፣ ወንበር አመላላሹ፣ ብረት ድስት ቆጥሮ የሚረከበው በየተራው ይጠራል። አንድ ማንኪያ ብትጎድል እንኳ የማንኪያ አያያዝ ባህላችንን የሚያጠና ኮሚቴ አይቋቋምም፤ የወሰዳት ሰው ቤት ይኬዳል። ዕቁብም ከዚህ አይሻልም። ዕጣ የወጣለት ሰው «ዋሴ ኅብረተሰቡ ነው» ቢል ሰብሳቢው ብሩን መልሶ ኪሱ ይከተዋል። ደኅና ሰዎች ናቸው፤ ዘመኑ ጥሏቸው ሄደ እንጂ።

የአምፖሉ ጎረቤታችን ይህንን ኋላ ቀርነት ዝም ብለው ማየት አልሆነላቸውም። ዕድሩ በወሩ መጨረሻ እሑድ ሲሰበሰብ የማሻሻያ ሐሳብ ይዘው ተነሡ። በስም መጥራት ሰውን ከሰው የሚያቃቅር መሆኑን አስረዱ። ቅጣት አመለካከትን እንደማይለውጥ፣ ቀብር መቅረት የግለሰብ ድክመት ሳይሆን በኅብረተሰቡ ውስጥ ሥር የሰደደ የማኅበራዊ ትስስር መላላት ምልክት መሆኑን ተነተኑ። ከእንግዲህ ጥሪው ለኅብረተሰቡ በጥቅሉ እንዲተላለፍ፣ መቅረቱም በኅብረተሰቡ ስም እንዲመዘገብ ሐሳብ አቀረቡ። ንግግሩ ያማረ ነበር፤ ጡሩምባ ነፊው ሳይቀር ራሱን ነቀነቀ።

የዕድሩ ዳኛ በትዕግሥት ሰምተው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁና ወደ ጸሐፊው ዞሩ።

«እኚህ ሰው ያለፈው ማክሰኞ ቀብር ላይ ነበሩ?»

ጸሐፊው መዝገቡን ገለጥ ገለጥ አደረገ። «አልነበሩም ጋሼ። ከዚያ በፊት በነበረውም አልነበሩም።»

«መልካም። እንግዲህ የኅብረተሰቡን ጉዳይ እንመለስበታለን። መጀመሪያ የእርሳቸውን ቅጣት ጻፍ፤ የሁለቱንም።»