«ያው ሁሉም አስር ነው» የምትሉ ሰዎች፣ ኧረ ተዉን!

ክሪቤጅ በሚባለው የካርታ ጨዋታ ላይ ባለ ስዕሎቹን፣ እያንዳንዳቸው አስር የሚቆጠሩትን ጃክ፣ ኩዊንና ኪንግን፣ አንድ ላይ ጨፍልቆ የሚቆጥር ሰው ጨዋታውን ነው የሚያበላሸው። ኪንግና ኩዊን ይዞ «ጥንድ፣ ሁለት ነጥብ!» ይላል። የምን ጥንድ? አስርነታቸው የሚሠራው ስንደምር ብቻ ነው፤ ድምራቸው አስራ አምስት የሚሆን ካርታዎች (2 ነጥብ) ስንፈልግና ካርታ እየጣልን እስከ 31 ስንቆጥር። ጥንድና ተከታታይ የሚታየው በደረጃ ነው፦ ኪንግ ከኪንግ፣ ጃክ ከጃክ። እንዲያ ባይሆን 12ቱ ባለ ስዕሎችና 4ቱ አስሮች ሁሉም እርስ በርሳቸው ይጣመሩ ነበር።

ኩዊን፣ ኪንግ፣ አስ ደርድሮ ሦስት ነጥብ የሚጠይቅም አለ። እዚህ አስ አንድ ነው፤ ከኪንግ በላይ አይወጣም። አለቀ።

ይባስ ብሎ ደግሞ ያለውን ነጥብ ሳይቆጥር የሚተው አለ! እጁ ላይ ጃክ፣ ኩዊን፣ ኪንግና 5 ይዟል፣ ከመደቡ ተቆርጦ የተገለጠውና ከእጅ ጋር የሚቆጠረው ካርታ ሌላ 5 ነው እንበል። አንዱን 5 ከሦስቱ ጋር ደምሮ «ስድስት» ይልና ሁለተኛውን 5 ይረሳዋል። እያንዳንዱ 5 ከእያንዳንዱ ባለ ስዕል ጋር ለብቻው አስራ አምስት ይሠራል፤ ስድስት አስራ አምስት፣ 12 ነጥብ። ተከታታዩ 3፣ የ5ቱ ጥንድ 2። ድምሩ 17! መጀመሪያ አስራ አምስቶቹን ጨርሱ፣ ከዚያ ተከታታይ፣ ከዚያ ጥንድ፣ መጨረሻ ላይ ጃክ። ቅደም ተከተል ሲኖር አይዘለልም።

የጃክ ነገርማ አይነሳ። ሁለት የተለያዩ ደንቦች አሉት፣ ሰዉ ግን አንድ ላይ ይደባልቃቸዋል። ተቆርጦ የተገለጠው ራሱ ጃክ ከሆነ፣ ያደለው ሰው ወዲያው 2 ነጥብ ይወስዳል፤ ምልክቱ ምንም ይሁን። 119 ላይ ከነበረ የማሸነፊያው 121 ሞላ፣ አሸነፈ፣ ማንም ካርታ አይጥልም። ሁለተኛው፦ እጃችሁ ላይ ያለው ጃክ ከተገለጠው ካርታ ጋር ምልክቱ አንድ ከሆነ 1 ነጥብ። ክሪብ (ተጫዋቾቹ ከእጃቸው ጥለው ላደለው ሰው የሚተዉት ተጨማሪ እጅ) ውስጥ ያለ ጃክም እንዲሁ ይቆጠራል፣ ነጥቡ ያደለው ሰው ነው። ለዚህ ነው ትልቁ እጅ 29 የሚሆነው፦ ሦስት 5ና የልብ ጃክ እጅ ላይ፣ የተገለጠው የልብ 5። እነዚያው አምስት ካርታዎች ሆነው አራቱም 5 እጅ ላይ ቢገቡና ጃኩ ቢገለጥ፣ እጁ 28 ነው። የሚገለጥ ጃክ ለእጅ ያችን አንድ ነጥብ አይሰጥማ! ይህን ይዞ የሚከራከር ሰው ያደክማል።

ካርታ ሲጣልም ያው ነው። ኪንግ 10፣ ኩዊን 20፣ ጃክ 30፤ ጃኩን የጣለው የተከታታይ 3 ነጥብ አለው፣ ስንቱ ሳይወስደው ያልፋል። ከ30 በኋላ የሚገባው አስ ብቻ ነው፣ 31 ሞልቶ 2 ነጥብ ያመጣል። ስለዚህ እጃችሁን በባለ ስዕል ብቻ ሞልታችሁ ትንሽ ካርታ ሳታስቀሩ ስትቀሩ «ዕድሌ» አትበሉ። በ5 መጀመርም ይቅር፤ 16 ካርታ ይጠብቀዋል፣ ሁሉም አስራ አምስት ይሞላበታል። 4 ብትጥሉ አንድም ካርታ አስራ አምስት አይሞላበትም።

ደግሞ ወደ ተጋጣሚ ክሪብ 5 ከባለ ስዕል ጋር መጣል ምን የሚሉት ነው? ገና ካርታ ሳይገለጥ 2 ነጥብ መስጠት እኮ ነው! የግድ ባለ ስዕል መስጠት ካለባችሁ ኪንግ ስጡ፤ ከበላዩ ምንም ስለሌለ ለተከታታይ እንደ ጃክ አይመችም፣ የምልክት ነጥብም አያመጣም። ጃኩ ለራሳችሁ ክሪብ ይቆይ።