የሚጓዝ አሸዋ፦ ከዚልት እስከ ደቻቱ

በሰሜን ጀርመን የሚኖር የድሬዳዋ ሰው ወደ ዚልት ደሴት ሲያቀና ገና በመንገዱ ላይ ባቡሩን ማስታወሱ አይቀርም፤ ደሴቲቱን ከየብስ ጋር የሚያገናኛት እ.ኤ.አ. በ1927 የተመረቀው ሐዲድ ብቻ በመሆኑ መኪና እንኳ በባቡር ተጭኖ ይሻገራል።

ዚልት ከሰሜን ወደ ደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል የተዘረጋች ቀጭን የአሸዋ ደሴት ናት። የብርዱ ወራት ማዕበል ምዕራባዊ ዳርቻዋን ይበላል፤ በሰሜን፣ ሊስት አካባቢ፣ ነፋስ የሚነዳቸው የአሸዋ ኮረብቶች በዓመት ጥቂት ሜትሮች ወደ ምሥራቅ ይጓዛሉ። በእግር የተረገጠ ሣር ከሞተ አሸዋውን የሚይዝ ሥር ስለማይኖር ፎቶ አንሺ ከተፈቀደው መንገድ አይወጣም። የማደንቀው ግን ጥንቃቄውን ብቻ አይደለም፤ የዚልት ፎቶ አንሺዎች ያንኑ ቦታ ከዓመት ዓመት ማንሳታቸውን ጭምር ነው። ከማዕበል ማግስት ወደ ባሕሩ የሚያወርደው የእንጨት ደረጃ መጨረሻው እርከን መሬት ሳይነካ ተንጠልጥሎ ሲታይ፣ ካምናው ፎቶ ጋር ያስተያየ ሰው ምን ያህል አሸዋ እንደሄደ ሳይነገረው ይረዳል።

ቅር የሚለኝም አለ። እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ መርከቦች ከባሕሩ ወለል አሸዋ እየመጠጡ ወደ ዳርቻው ይገፋሉ፤ በፖስት ካርድ ላይ ያልተነካ ተፈጥሮ መስሎ የሚሸጠው ዳርቻ ባለፈው በጋ በቧንቧ የመጣ ሊሆን ይችላል። ሰው ከእይታው እስኪወጣ የሚጠብቀው ፎቶ አንሺ ይህንንም አብሮ ያስወጣዋል።

ድሬዳዋ ደሴት ባይኖራትም ከዚራና መጋላ የተባሉትን ሰፈሮቿን የሚለየው የደቻቱ ወንዝ ከዚልት ባልተናነሰ ይለዋወጣል። አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ግመል ይሻገርበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። በደጋው ሲዘንብ ግን ጎርፉ ወለሉን ገልብጦት ያልፋል፤ በድልድዩ ምሰሶ ላይ የደረቀው የጭቃ መስመርና እዚያው ተሰክቶ የቀረው ፌስታል ውኃው የት ድረስ እንደነበር ያሳያሉ። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ በሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ሲወስድ ካሜራ የደረሰው በማግስቱ ነበር። ከዚያ በፊት ደቻቱ ምን ይመስል እንደነበር እኔ ያየሁት በቤተሰብ አልበም ነው፤ ያውም ከሚዜዎች ትከሻ በስተኋላ፣ ማንም ሊያነሳው ሳያስብ።

እንደ ዚልቶቹ ከአንድ ቦታ እየቆምን፣ ከክረምት በፊትና በኋላ፣ ቀኑን እየጻፍን እናንሳው ማለት ቀላል ነው። ይሁንና ድልድዩ አጠገብ ካሜራዬን በሦስት እግር ላይ ሳቆም አንዲት ነጋዴ፣ «አቦ፣ ልታስነሱን ነው እንዴ?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ እኛ ዘንድ መሬት ላይ መሣሪያ የሚያነጣጥር ሰው ቀያሽ ነው፣ ቀያሽን ተከትሎ የሚመጣውንም ሁሉም ያውቀዋል። ስለዚህ ደቻቱን በየዓመቱ ማንሳት የሚሻ ሰው አስቀድሞ እዚያው ለሚውሉት ሥራውን ማስረዳት፣ የታተመውንም ፎቶ መልሶ ማሳየት ይኖርበታል፤ እነርሱንም ከፎቶው ሊያስወጣቸው አይገባም።