ቤት ሲቀየር ከሁሉ በፊት የልጆች አልጋ ይገጠም

ቤት የሚቀይር ቤተሰብ ሐሳቡ ሁሉ መኪናው ላይ ነው፤ ስንት ሰዓት ይደርሳል፣ ዕቃውን ይችለዋል ወይ፣ ሶፋው በበሩ ያልፋል ወይ። ማታ ልጆች ደክሟቸው ማልቀስ ሲጀምሩ ግን የአልጋው ብሎን የትኛው ካርቶን ውስጥ እንደገባ የሚያውቅ ይጠፋል። ልጆች ያሉበት ቤት ዝግጅቱን መጀመር ያለበት ከመጀመሪያዋ ሌሊት ተነሥቶ ወደ ኋላ እየቆጠረ ነው።

መኪና ላይ መጨረሻ የተጫነ መጀመሪያ ይወርዳል። ስለዚህ የልጆች አልጋ፣ ፍራሽና ብርድ ልብስ በመጨረሻ ይጫኑ። አልጋው ከመፈታቱ በፊት መጋጠሚያዎቹን በስልክ ፎቶ ማንሳት፣ ብሎኖቹን በፌስታል ቋጥሮ እዚያው እንጨቱ ላይ በፕላስተር መለጠፍ ይገባል። ካቻቢቴው በእጅ ቦርሳ ይሂድ። ትንንሽ ልጆች የለመዱት ሽታ ያረጋጋቸዋልና አንሶላቸው ለዚያ ቀን ተብሎ ባይታጠብ ይመረጣል።

እንግዳ ስለሚመጣ ሳሎኑ ይቅደም የሚሉ አሉ። አልስማማም። እንግዳ አንድ ሳምንት ይታገሣል፤ እንቅልፍ ያጣ ሕፃን ግን በማግሥቱ ማንንም ሥራ አያሠራም።

ካርቶን ላይ የሚጻፈው ዕቃው የወጣበት ሳይሆን በአዲሱ ቤት የሚገባበት ክፍል ስም ነው። ጽሑፉም በጎኑ ይሁን፤ ከላይ ከተጻፈ ሌላ ካርቶን ሲደረብበት አይታይም። መጽሐፍ ሁልጊዜ በትንሽ ካርቶን ይታሸግ፤ በትልቁ ከሞላ ሲነሣ ታቹ ይቀደዳል፣ ያነሣውም ሰው ወገቡን ይጎዳል። ሳህኖች በወረቀት ተጠቅልለው በጠርዛቸው ይቁሙ። ተጋድመው ከተደራረቡ የላይኞቹ ክብደት የታችኞቹን ይሰብራል። ክፍተቱን በፎጣ መሙላት ነው።

ብዙ ኪሳራ የሚመጣው ከማቀዝቀዣው ነው። ከአንድ ቀን በፊት ከሶኬት ተነቅሎ በረዶው ይቅለጥ፤ አለዚያ መንገድ ላይ እየቀለጠ አጠገቡ ያሉትን ካርቶኖች ያርሳል። የሚጓዘውም ቆሞ ነው። ከተጋደመ የኮምፕረሰሩ፣ ማለትም የማቀዝቀዣው ሞተር፣ ዘይት ወደ ቱቦዎቹ ይፈስሳል፣ ወዲያው ሲሰካም ኮምፕረሰሩ ዘይት አጥሮት ሊበላሽ ይችላል። ቆሞ የተጓዘውን ለጥቂት ሰዓታት፣ ተጋድሞ የተጓዘውን ደግሞ ለ24 ሰዓት ያህል አቁሞ ማቆየት ያስፈልጋል። ስለዚህ በመጀመሪያዋ ሌሊት ማቀዝቀዣ እንደሌለ ይቆጠር። በቅዝቃዜ የሚቀመጥ የልጅ መድኃኒት ካለ በረዶ ያለበት መያዣ አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት፤ ይህን ብዙ ቤት ይረሳዋል።

በፊት ለፊት የሚከፈት የልብስ ማጠቢያ ማሽን ከፋብሪካ ሲወጣ ከበሮውን ከጀርባ የሚይዙ የጉዞ ብሎኖች አሉት። ካልተጣሉ ለጉዞው ይመለሱ፤ ማሽኑ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ግን መውጣታቸው ይረጋገጥ። በቱቦው ውስጥ የቀረው ውሃም አስቀድሞ ይፍሰስ።

ከባድ ዕቃ ወደ ጋቢናው ተጠግቶ፣ ከታች ሆኖ፣ ግራና ቀኙ ተመዛዝኖ ይጫናል። መኪናው ላይ ፈጽሞ የማይወጣ አንድ ቦርሳ ደግሞ ይኑር፦ ሰነዶች፣ የዘወትር መድኃኒት፣ የስልክ ቻርጀር፣ ሳሙና፣ ሶፍት፣ የልጆች ቅያሪ ልብስና አንድ አምፖል።

ልጆቹን ዘመድ ጋ አቆይቶ ሁሉ ካለቀ በኋላ ማምጣት ለጨቅላዎች ጥሩ ነው፤ በሚጫንበት ሰዓት እግር ሥር የሚሮጥ ልጅ አደጋ ላይ ነው። ከፍ ያሉት ግን ክፍላቸው ሲታሸግ ቢያዩ፣ የራሳቸውን ካርቶን ራሳቸው ቢሞሉና ስማቸውን ቢጽፉበት ይሻላል። ተኝቶ ተነሥቶ ሁሉም የተለወጠበት ልጅ ለመልመድ የበለጠ ይቸገራል።

አልጋው ከተገጠመ በኋላ የሚቀጥለው ሥራ ልብስ ማውጣት አይደለም። የመድኃኒትና የጽዳት ኬሚካል ካርቶኖች ወለል ላይ ሳይውሉ ከፍ ወዳለ ቦታ ይውጡ፤ መስኮቶችና በረንዳ ልጅ የሚያሾልኩ መሆን አለመሆናቸው ይታይ። ባለ መሳቢያው ቁም ሳጥን ሳይሞላ በፊት ከግድግዳው ጋር በብሎን ይታሰር፤ ልጅ መሳቢያዎቹን ስቦ እንደ ደረጃ ሲወጣባቸው ክብደቱ ወደ ፊት ያዘነብልና ሳጥኑ በላዩ ይወድቅበታል።