ሌላኛው ገዢ

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለመግዛት የተነሣ ሰው ከካርታውም ከባለቤቱም አስቀድሞ የሚተዋወቀው ከሌላኛው ገዢ ጋር ነው። ሌላኛው ገዢ ቤቱን ትናንት አይቶታል። ከአሜሪካ ነው የመጣው፣ ሐሙስ ይመለሳል፣ ብሩ በሲፒኦ (ባንክ ራሱ በሚቆርጠው የክፍያ ማዘዣ) ዝግጁ ነው፣ ሚስቱም ጓሮውን ወዳዋለች። መልኩን ያየ ሰው ግን እስካሁን አልተገኘም።

መኖሪያው የደላላው ስልክ ውስጥ ነው። ገርጂ አንድ ጂ ፕላስ ዋን እየታየ ነው እንበል፤ የተጠራው ዋጋ 12 ሚሊዮን ብር። ባልየው ግድግዳውን በጣቱ ያንኳኳል፤ ለምን እንደሚያንኳኳ እሱም አያውቅም። ሚስትየዋ ቧንቧ ከፍታ የውኃውን ጉልበት ታያለች፤ ከሁለቱ ሥራ የሠራችው እሷ ናት። (ውኃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ግን ከባለቤቱ ይልቅ ጎረቤት መጠየቅ ይሻላል።) ሁለቱ ተያይተው ፈገግ ሲሉ ደላላው ስልኩን ጆሮው ላይ ይለጥፋል። «አቤት ዶክተር! እያዩት ነው እኮ... አሥራ ሁለት ከግማሽ? እስቲ ባለቤቱን ላናግራቸው።» ስልኩ ሲጠራ የሰማ የለም። ከጆሮው ሲወርድም ስክሪኑ ጥቁር ነው። «ጋሼ፣ እኔ ለእናንተ አስቤ ነው እንጂ ዶክተሩ እኮ ዛሬውኑ...»

ዶክተሩን መመርመሪያው ቀላል ነው፤ «እንግዲያው ለእሳቸው ይሁን፣ ይባርክላቸው» ብሎ መውጣት። ዶክተሩ በእርግጥ ካሉ የሚደውል የለም። ከሌሉ መኪናው ሳይነሣ ይደወላል፤ የዶክተሩ ሚስት ሐሳቧን ቀይራለች። የሰፈሩን ዋጋ ሳያጠኑ ግን ይህን መሞከር አያዋጣም፤ አንዳንዴ ዶክተሩ አሉ፣ ቤቱም ይሄዳል። ዋጋ ደግሞ ከቴሌግራም አይጠናም፤ እዚያ የሚለጠፈው የሻጭ ምኞት ነው። በዚያው ሰፈር ሰሞኑን የተሸጠ ቤት ፈልጎ፣ ስንት ተጠርቶ በስንት እንዳለቀ ማወቅ ነው።

ደላላው ለምን ይህን ያህል ይደክማል? የተለመደውን 2 በመቶ ብናስብለት በ12 ሚሊዮኑ ላይ 240,000 ብር ያገኛል። ዶክተሩ የጨመሩት ግማሽ ሚሊዮን ለእሱ 10,000 ብቻ ነው። ለ10,000 ብር ይህን ሁሉ ቲያትር የሚሠራ የለም። ጭንቀቱ ሌላ ነው፤ ቤቱ በሰባት ደላላ እጅ ነው፤ ዛሬ ካላስፈረመ ነገ ሌላው ያስፈርማል። ባለቤቱ «ለኔ 11 ከግማሽ አስገባልኝ፣ ከዚያ በላይ ያለው ያንተ» ብሎት ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ የጨመረው እያንዳንዱ ብር የእሱ ስለሆነ ከዶክተሩ ጋር ጄኔራሎችም ይደውላሉ።

ሻጩም አይተርፍም። አንድ ገዢ ሦስት ደላሎችን «ቤት ፈልጉልኝ» ይላል፤ ሦስቱም ለአንድ ባለቤት ይደውላሉ፤ «ገዢ ይዣለሁ!» ባለቤቱ ሦስት ገዢ ተሻማብኝ ብሎ ዋጋውን ይሰቅላል። ምስኪኑ ገዢ ከራሱ ጋር ጨረታ ገብቶ ይሸነፋል። ስለዚህ ገዢ ለአንድ ቤት አንድ ደላላ ይያዝ፤ ሻጭም ዋጋ ከመስቀሉ በፊት የገዢዎቹን ስም ይጠይቅ።

ዋጋ ተቆርጦ ቀብድ ሲመጣ ደግሞ ሒሳብ የሚችል ይተርፋል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለ ቢተው እጥፉን ይመልሳል። ገዢ ይህን ሰምቶ 100,000 ብር ይሰጥና እፎይ ብሎ ይተኛል። በማግሥቱ እውነተኛ ሌላኛ ገዢ መጥቶ 500,000 ይጨምራል። ሻጩ 200,000 ይመልሳል፤ ከዚያ ውስጥ 100,000ው የገዢው የራሱ ነበር። ስለዚህ የከሰረው 100,000፣ ያተረፈው 400,000 ነው። ሕጉን አክብሮ፣ ደረሰኝ ተቀብሎ፣ ከዳ። ቀብዱ ለሻጩ የሚያም መሆን አለበት፤ ከቀብድ እስከ ፊርማ ያለው ጊዜም በቀናት ይቆጠር እንጂ በሳምንታት አይሁን። በባንክ ብድር የሚገዛ ሰው ግን ቀብዱን ከማሳበጡ በፊት «ባንኩ ካልፈቀደ ቀብዱ ይመለሳል» የሚል ዐረፍተ ነገር ያስገባ፤ አለዚያ የሚያመው እሱን ነው።

ካፌ ውስጥ ማኪያቶ እየተጠጣ፣ ደላሎች ምስክር ሆነው የሚፈረም ወረቀት የቤት ሽያጭ ውል አይደለም። ያው ሕግ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ፍርድ ቤት ወይም አዋዋይ ዘንድ እንዲመዘገብ ያዛል። ውልና ማስረጃ ሳይደርሱ «ቤት ገዛሁ» ብሎ ዘመድ መጥራት ድግሱን ያስቀድማል። ከዚያም በፊት ካርታው የተሰጠበት ቢሮ ሄዶ ዕዳና እገዳ መኖሩን ማጣራት ነው፤ ከሁሉም የሚከፋው ተፎካካሪ ዋጋ የማይጨምረው፣ በመያዣ የያዘው ባንክ ነውና።

ሻጭ የሚሳሳተው ትልቁን ቁጥር ሲመርጥ ነው። አንዱ 12 ከግማሽ ይላል፤ ግማሹን አሁን፣ ግማሹን የራሱ ቤት ሲሸጥ (የእሱ ቤትም ዶክተር እየጠበቀ ነው)። ሌላው 12 ይላል፤ በብድር። የባንኩ መሐንዲስ መጥቶ ቤቱን 9 ሚሊዮን ከገመተው ብድሩ ከ9ኙ ላይ ይታሰባል፤ ጎዶሎው ከየት እንደሚመጣ ገዢውም አያውቅም። ሦስተኛው 11 ነጥብ 7 ይላል፤ በፊርማው ቀን በሲፒኦ፣ ስም እስኪዞር ብቻ ጥቂት ይዞ። ሻጮች ሦስተኛውን ሰድበው ያባርሩና ከሁለት ወር በኋላ ስልኩን ይፈልጋሉ።

ይህ ሁሉ አልቆ ባልየው ከገዢው ጋር እጅ ተጨባብጦ ሲወጣ እመቤቲቱ «እኔን ማን ጠየቀኝ?» ትላለች። ትክክል ናት። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለሁለቱ ስምምነት አይሸጥም። ብልህ ገዢ ቡናው ሲቀርብ ዋጋውን የሚጠራው ለእሷ ነው። ቤቱ የውርስ ከሆነማ «እትዬ» የሚባሉትን ሁሉ መዞር ነው፤ ወራሾች አራት ሆነው ሦስቱ ሲስማሙ ቤቱ ገና አልተሸጠም፤ አራተኛው ካናዳ ነው፣ ውክልና ይላክ ይባላል።

ስም ዞሮ፣ የመብራትና የውኃ ክፍያው ተጠናቆ፣ ቁልፍ ከተሰጠ በኋላ አጎት ይመጣሉ። «በ11 ነጥብ 7? ምነው ለኔ ሳትነግሩኝ! አሥራ ሦስት እሰጣችሁ ነበር።» «ገዢው አሁንም ሊተው ይችላል፤ ዛሬ ቀብድ ይዘዋል ወይ?» ተብለው ቢፈተኑ፣ አጎት ሰዓታቸውን አይተው ቀብር አለብኝ ይላሉ።